ከሶመርሴት ማሳዎች እስከ ዓለም መድረክ፦ የአንዲት የእንግሊዝ አውራጃ ዝነኞች ሥራና ሕይወት

ሶመርሴት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ፣ በእርሻና በከብት እርባታ የምትታወቅ አውራጃ ናት። ዋና ከተማዋ ቶንተን ይባላል። በመላው ዓለም የሚበላው የቼዳር አይብ ስያሜውን ያገኘው በዚህችው አውራጃ ከሚገኝ ቼዳር ከተባለ መንደር ነው። ከአፕል የሚጠመቀው ሳይደር የተባለው መጠጥም የአካባቢው መለያ ነው። ረባዳው የሶመርሴት ሜዳ በቀዝቃዛው ወራት ውኃ ስለሚተኛበት ገበሬዎቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ቦይ እየቆፈሩና ውኃ እያጠነፈፉ አልምተውታል።

ይህች የላምና የአፕል ምድር ታዲያ በሙዚቃ ድግስ፣ በሳይንስ ልብ ወለድ፣ በአትሌቲክስ፣ በክሪኬት፣ በመኪና ውድድርና በቀልድ ስማቸው ከሀገራቸው አልፎ የተሰማ ሰዎችን አፍርታለች። ከእነዚህ መካከል የስድስቱ የሥራና የግል ሕይወት ታሪክ ቀጥሎ ቀርቧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ከተገለጹት በስተቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክል ኢቪስ፦ የወተት ገበሬው የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ

ማይክል ኢቪስ በጥቅምት 1935 በፒልተን መንደር ተወለዱ። አባታቸው ገበሬና የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ እናታቸው ደግሞ መምህርት ነበሩ። ወጣቱ ማይክል ልባቸው ያዘነበለው ወደ ባሕር ነበርና የመርከበኝነት ትምህርት ተምረው በንግድ መርከብ ላይ ሥራ ጀመሩ። ይሁን እንጂ በ1954 አባታቸው በሞት ተለዩ። የ19 ዓመቱ ወጣት ባሕሩን ትተው ወደ ቀያቸው ተመለሱ፤ 150 ኤከር፣ ማለትም 60 ሄክታር ያህል መሬትና 60 ላሞች ያሉትን፣ ዕዳም የነበረበትን "ዎርዚ ፋርም" የተባለ እርሻ ተረከቡ።

ለዓመታት ወተት እያለቡና እየሸጡ ከኖሩ በኋላ በ1970 በአቅራቢያቸው በተዘጋጀ የብሉዝ ሙዚቃ ድግስ ላይ ተገኙ። ባዩት ነገር ተመስጠው በራሳቸው ማሳ ላይ ተመሳሳይ ድግስ ለማዘጋጀት ወሰኑ። በመስከረም 1970 የተካሄደው የመጀመሪያው ድግስ መግቢያ አንድ ፓውንድ ነበር፤ በዚያም ላይ ለታዳሚው ከእርሻው የታለበ ወተት በነፃ ይሰጥ ነበር። የመጣው ሰው ግን 1 ሺህ 500 ያህል ብቻ ነበርና ገበሬው ለኪሳራ ተዳረጉ። ለዋናው ዘፋኝ የገቡትን ክፍያ የፈጸሙትም ከወተት ሽያጭ ገቢያቸው በየወሩ እየቀነሱ ነበር።

ያ ትንሽ ድግስ ዛሬ "ግላስተንበሪ" በሚል ስም የሚታወቀውና ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የሚታደሙበት፣ በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ የሙዚቃ ድግሶች አንዱ ሆኗል። የሚያርፍበት ስፍራም የኢቪስን ማሳ አልፎ የጎረቤት ገበሬዎችን መሬት የሚያካትት ሲሆን 900 ኤከር ገደማ ይሸፍናል። ድግሱ በሰኔ መጨረሻ ለጥቂት ቀናት ይካሄዳል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ቦታው እርሻ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1981 የተሠራው የፒራሚድ ቅርጽ ያለው መድረክ ነው፤ ድግስ በሌለበት ጊዜ የከብት በረትና የመኖ ማከማቻ ሆኖ ያገለግል ነበር። መድረኩ በ1994 በእሳት ቢወድምም በምትኩ ሌላ ተሠርቷል።

በድግሱ ሰሞን ላሞቹ በበረት ውስጥ ይቆያሉ። ታዳሚው ሲበተን ብዙ ሠራተኞች ማሳውን ተከፋፍለው ቆሻሻውን ይለቅማሉ። የድንኳን ካስማና የብረት ቁርጥራጭ ከሣር ጋር ተውጦ የላሞቹን ሆድ እንዳይጎዳ ብረቱ በማግኔት ይሰበሰባል። ከሁሉም በላይ ለገበሬ ትርጉም የሚሰጠው ግን መሬቱን የማሳረፍ ልማዳቸው ነው። በየተወሰነ ዓመት አንዴ ድግሱ ሳይዘጋጅ ይታለፋል፤ በብዙ ሺህ እግር የተረገጠው አፈርም ያገግማል፤ ሣሩም ይመለሳል። 2006፣ 2012 እና 2018 እንዲህ ያሉ የዕረፍት ዓመታት ነበሩ፤ 2026ም ለዚሁ የተለየ ዓመት ነው። ድግሱ ባይካሄድ የሚቀረው ገቢ ቀላል አይደለም። ቤተሰቡ ግን መሬት ሲደክም ማሳረፍ እንደሚገባ ከገበሬነቱ የወረሰው ዕውቀት ነው።

የኢቪስ የግል ሕይወት ከእርሻው የተለየ ታሪክ የለውም። የመጀመሪያ ትዳራቸው በፍቺ ካበቃ በኋላ ጂን ከተባሉት ባለቤታቸው ጋር ድግሱን ለብዙ ዓመታት አብረው መርተዋል። ጂን በ1999 ሲያርፉ፣ የመምህርነት ትምህርት በመከታተል ላይ የነበረችው ልጃቸው ኤሚሊ ወደ አባቷ እርሻ ተመለሰች። አባት በ1954 እንዳደረጉት ሁሉ ልጅም የራሷን ውጥን አቋርጣ የቤተሰቡን ሥራ ተረከበች። ዛሬ ድግሱን የምትመራው እርሷ ከባለቤቷ ጋር ሆና ነው። ማይክል ኢቪስ በ2001 ሦስተኛ ትዳር መሥርተዋል።

ከድግሱ ገቢ ለኦክስፋም፣ ለግሪንፒስና ለዎተርኤይድ ሲለገስ ቆይቷል። በተወለዱበት መንደርም የቤት ኪራይ መናር ወጣቶችን ከቀያቸው እንዳያፈናቅል በማሰብ ለዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ መሬት ሰጥተዋል። በ1997 በሌበር ፓርቲ ዕጩነት ለፓርላማ ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። በ2024 ግን "ሰር" የተባለውን የክብር ማዕረግ ተቀብለዋል።

አርተር ክላርክ፦ ከእርሻ ቤት ሰማይን የተመለከቱ

በብዙ ቤቶች ጣሪያ ላይ የተተከለው የቴሌቪዥን ዲሽ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያየው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ምላሹን በዚህ የሶመርሴት ተወላጅ ጽሑፍ ውስጥ ያገኘዋል።

አርተር ክላርክ በታኅሣሥ 1917 ማይንሄድ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝ ተጎድተው ተመለሱና በግብርና ተሠማሩ። አርተር ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉም አረፉ። እናት እርሻውን ይዘው አራት ልጆችን አሳደጉ። የመጀመሪያው ልጅ አርተር በቶንተን ይማሩ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸውም በራሳቸው እጅ በሠሩት ቴሌስኮፕ የጨረቃን ገጽ እያዩ ካርታዋን ይሥሉ ነበር።

ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አቅም ስላልነበረው በ1936 ወደ ለንደን ሄደው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ መርማሪነት ተቀጠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ አየር ኃይል በራዳር ባለሙያነት አገለገሉ። በጥቅምት 1945 በአንድ የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍም ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትሾር ሳተላይት ዙሯን የምትጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ በምትዞርበት ፍጥነት ስለሆነ ከታች ላለ ተመልካች አንድ ቦታ የቆመች እንደምትመስል አስረዱ። እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች ቢኖሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት መላዋን ዓለም ሊያዳርስ እንደሚችልም አመለከቱ። በዚያን ጊዜ አንዲትም ሳተላይት ገና አልመጠቀችም ነበር። ሐሳቡ በተግባር የታየው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1964 "ሲንኮም 3" የተባለችው ሳተላይት በዚሁ ምህዋር ላይ ስትቀመጥ ነው። ዲሹ ሳይዞር የሚያገለግለውም ሳተላይቷ ካለችበት አንጻር ስለማትንቀሳቀስ ነው። ምህዋሩ እስከ ዛሬ በስማቸው "የክላርክ ምህዋር" እየተባለም ይጠራል።

ክላርክ ከጦርነቱ በኋላ በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ሒሳብና ፊዚክስ አጥንተው በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ዝናቸው የናኘው ግን በሳይንስ ልብ ወለድ ድርሰቶቻቸው ነው፤ ከፊልም አዘጋጁ ስታንሊ ኩብሪክ ጋር የደረሱትና በ1968 ለእይታ የበቃው የኅዋ ጉዞ ፊልም በሰፊው ይታወቃል። በ1953 የመሠረቱት ትዳር ከወራት በላይ አልዘለቀም፤ ፍቺው በሕግ የጸናው ግን በ1964 ነው። ከ1956 ጀምሮ ኑሯቸውን የባሕር ጠለቃ ፍቅር በሳባቸው በሲሪላንካ አደረጉ። የፖሊዮ ሕመም ያስከተለው ጉዳት በኋለኛው ዕድሜያቸው በተሽከርካሪ ወንበር እንዲቀመጡ አስገደዳቸው። በመጋቢት 2008 በ90 ዓመታቸው በኮሎምቦ አረፉ።

ሜሪ ራንድ፦ በሮም ወድቃ በቶኪዮ የተነሣች

ሜሪ ራንድ በየካቲት 1940 ዌልስ በተባለችው ትንሽ የሶመርሴት ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ባሳየችው የስፖርት ተሰጥኦ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ በአውራጃዋ በሚገኝ ታዋቂ ትምህርት ቤት ተምራለች።

በ1960 የሮም ኦሊምፒክ በርዝመት ዝላይ ማጣሪያ 6.33 ሜትር ዘልላ የብሪታንያን ክብረ ወሰን ስታሻሽል ሁሉም ወርቁን የእርሷ አድርጎ ነበር። በፍጻሜው ግን የመነሻ እርምጃዋ ተዛብቶባት ዘጠነኛ ወጣች። ወቀሳው በረታ። በአራቱ ዓመታት ውስጥ ትዳር መሠረተች፤ ልጅም ወለደች። ብዙዎች ከእንግዲህ ወደ ውድድር አትመለስም ብለው ነበር፤ እርሷ ግን ልጇን እያሳደገች ልምምዷን ቀጠለች።

በጥቅምት 14 ቀን 1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በእርጥብ መንደርደሪያና ከፊት በሚነፍስ ነፋስ፣ 6.76 ሜትር ዘልላ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በአትሌቲክስ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት ሴትም ሆነች። በዚያው ኦሊምፒክ በአምስትዮሽ ውድድር ብር፣ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ደግሞ ነሐስ አጥልቃለች።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እነዚህ ሁለት ኦሊምፒኮች ልዩ ትርጉም አላቸው። ሜሪ በወደቀችበት በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ሜሪ ወርቅ ካጠለቀች ከአንድ ሳምንት በኋላም በዚያው በቶኪዮ ስታዲየም አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የማራቶን ድሉን ደገመ። የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ምስል ወደ አሜሪካ ያሻገረችው ደግሞ የክላርክን ሐሳብ እውን ያደረገችው "ሲንኮም 3" ናት።

የሜሪ የመጀመሪያ ትዳር በፍቺ ተጠናቀቀ። በ1969 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የዐሥርዮሽ ውድድር አሸናፊ የነበረውን አሜሪካዊ ቢል ቱሚ አግብታ ኑሮዋን በካሊፎርኒያ አደረገች። በኋላም ሦስተኛ ትዳር መሥርታለች። የትውልድ ከተማዋ ዌልስ ግን አልረሳቻትም። በገበያው አደባባይ ንጣፍ ላይ 6.76 ሜትሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ምልክት ተደርጎበታል፤ ገበያተኛው የዝላዩን ርዝመት በራሱ እርምጃ ሊለካው ይችላል።

ማርከስ ትሬስኮቲክ፦ ሕመሙን ያልደበቀው ባለ ድል

ክሪኬት ሁለት ባለ 11 ተጫዋች ቡድኖች በመምቻና በኳስ የሚጫወቱት፣ በሶመርሴት እጅግ የሚወደድ ስፖርት ነው። ማርከስ ትሬስኮቲክ በ1975 በገና ዕለት ኬንሻም በተባለ ከተማ ተወለደ። ለአውራጃው ቡድን መጫወት የጀመረው በ1993 ሲሆን በ2000 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። "ቴስት" በሚባለው የአምስት ቀን ግጥሚያ 76 ጊዜ ተሰልፎ 5 ሺህ 825 ነጥብ አስመዝግቧል።

በ2006 መጀመሪያ ቡድኑ በሕንድ ሳለ ትሬስኮቲክ በድንገት ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ከአውስትራሊያው ጉዞ አቋርጦ መጣ። ሐሜቱ ብዙ ነበር፤ እውነቱ ግን በድባቴና በጭንቀት ሕመም ይሠቃይ እንደነበር ነው። ከቤተሰቡ ርቆ መሰንበት ሕመሙን ያባብስበት ነበር። በ2008 ከብሔራዊ ቡድኑ በይፋ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ሕመሙን ሳይሸሽግ የጻፈው ግለ ታሪክ በብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ የስፖርት መጽሐፍ ተብሎ ተሸለመ።

በዚያን ጊዜ ብርቱ የሚባል ስፖርተኛ የአእምሮ ሕመም አለብኝ ብሎ በአደባባይ መናገሩ ያልተለመደ ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን ሌሎች ስፖርተኞችም ችግራቸውን መናገር ደፈሩ። ትሬስኮቲክ የተወው የውጭ ጉዞውን እንጂ ጨዋታውን አልነበረም። ለሶመርሴት እስከ 2019 ተጫውቷል፤ ከዚያም ለእንግሊዝ ቡድን አሠልጣኞች አንዱ ሆኗል።

ጄንሰን በተን፦ ሥራ አጥ ሊሆን ሲል ሻምፒዮን የሆነው

ጄንሰን በተን በጥር 1980 ፍሩም በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ለስምንት ዓመት ልጁ ትንሽ የውድድር መኪና በስጦታ ሰጠው፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ ከመሪው አልተለየም። በ2000 ገና በ20 ዓመቱ ወደ ፎርሙላ ዋን ገባ። የመጀመሪያ ድሉን ለማግኘት ግን እስከ 2006 የሃንጋሪ ውድድር ድረስ መታገሥ ነበረበት።

በ2008 መጨረሻ በዓለም የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ይነዳለት የነበረው ሆንዳ ከውድድሩ ወጣ። በተን ለጥቂት ወራት ያለ ሥራ የመቅረት ሥጋት ላይ ወደቀ። በመጨረሻው ሰዓት የቡድኑ ኃላፊ ሮስ ብራውን ቡድኑን ተረክበው በስማቸው አስመዘገቡት። በ2009 በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎኑ ያልተለየው አባቱ በጥር 2014 አረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመሠረተው የመጀመሪያ ትዳሩ በ2015 ፈረሰ። በኋላ ሁለት ልጆች ወልዶ በ2022 ዳግም ተሞሽሯል።

ጆን ክሊዝ፦ ያስቀመጠው ሣቅ፣ የከፈለው ዋጋ

ኮሜዲያኑ ጆን ክሊዝ በጥቅምት 1939 ዌስተን ሱፐር ሜር በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ መጠሪያ ቀድሞ "ቺዝ"፣ ማለትም አይብ ነበር፤ አባቱ በ1915 ወደ ጦር ሠራዊት ሲገባ መሳለቂያ ላለመሆን ፊደሉን ለወጠው። የአይብ ሀገር ተወላጁ ስሙን በዚህ መንገድ አገኘ።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ቢያጠናም የተማሪዎቹ የቀልድ ቡድን ወደ መድረክ ወሰደው። በ1969 ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር በቢቢሲ የጀመረው "ሞንቲ ፓይተን" የተባለ ተከታታይ የብሪታንያን ቀልድ መልክ የቀየረ ነው። ቀጥሎ ከአሜሪካዊት ባለቤቱ ከተዋናይት ኮኒ ቡዝ ጋር ስለ አንድ ቁጡ የሆቴል ባለቤት "ፎልቲ ታወርስ" የተባለውን ድራማ ጻፈ። ድራማው በ1975 እና በ1979 በጠቅላላው 12 ክፍሎች ብቻ ቀረበ። በ2000 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ባወጣው ዝርዝር ግን ከሀገሪቱ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ተብሏል። ሁለተኛው ዙር ለእይታ ሲበቃ ጸሐፊዎቹ ባልና ሚስት ተፋትተው ነበር፤ ሥራውን ግን አብረው ፈጽመዋል።

ክሊዝ አራት ጊዜ ትዳር መሥርቷል። በ2008 የፈረሰው ሦስተኛው ትዳሩ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ አስከፍሎታል። ይህንን ዕዳ ለመሸፈን በስተርጅና ከከተማ ከተማ እየዞረ የመድረክ ትርኢት አቅርቧል፤ ትርኢቱንም በፍቺ ምክንያት በሚከፈል ተቆራጭ ስም ሰይሞ በራሱ ላይ ቀልዷል። ከሥነ ልቦና ሐኪም ጋር በመሆን ስለ ቤተሰብ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍም በብዙዎች ዘንድ ተነብቧል።

የባዝ ከተማና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት

በታሪክ የሶመርሴት አካል በሆነችው በባዝ ከተማ "ፌርፊልድ ሃውስ" የተባለ ቤት ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከሀገር ሲወጡ ይህንን ቤት ገዝተው ከቤተሰባቸው ጋር ኖረውበታል። የዓለም መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩበት፣ ገንዘብም ባጠረበት በዚያ የስደት ዘመን ቤቱ የኢትዮጵያ ጉዳይ ሕያው ሆኖ የቆየበት ስፍራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም ወደ ሱዳን አቅንተው በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በ1958 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ አበረከቱ። ቤቱ ዛሬም አረጋውያን የሚሰባሰቡበት፣ ታሪኩን የሚያስታውሱ ጎብኚዎችም የሚያዩት ነው።

ስድስቱ ሰዎች በሙያ አይመሳሰሉም። ኢቪስና ክላርክ አባታቸውን በወጣትነትና በልጅነት ያጡ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እርሻውን ይዘው፣ ሌላው ከእርሻው ወጥተው ለስም በቁ። ራንድና በተን ድል ያገኙት ብዙዎች ተስፋ በቆረጡባቸው ሰዓት ነው። ትሬስኮቲክ ዝናን ለጤናው ሲል ተወ፤ ክሊዝ ደግሞ የግል ሕይወቱን ውድቀት የሥራው መነሻ አደረገ። በፒልተን ማሳ ላይ ሙዚቃው ሲያበቃ ግን ቆሻሻው ተለቅሞ፣ ብረቱ ተሰብስቦ ላሞቹ ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ።